ለእሁድ የተዛወረ ማክሰኞ

የማስረከቢያ ቀን የሚያስታውስ ተማሪ እስከ ዛሬ አልተወለደም! «እኔ አስታውስ ነበር» የምትሉ ካላችሁ፣ ወይ ተማሪ አልነበራችሁም፣ ወይ ደግሞ አጠገባችሁ የሚያስታውስላችሁ ሰው ነበረ። ልብ በሉ፤ ተማሪ ቀን ይረሳል አላልሁም። ምግብ ያለበትን ቀን አይረሳም። ትምህርት የሌለበትን ቀንም አይረሳም። ከሁለቱ ውጭ ያሉት ቀኖች ግን ለተማሪ ሁሉም አንድ ናቸው።

ይህን ያነሣሁት በቀደም የእህቴ ልጅ ስላስደነቀችኝ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ሶፋው ላይ እንደ ተጋደመች ስልኳን አንዴ ነካ አደረገችና «በቃ ጨረስሁ» አለች። ምኑን ብላት፣ የመንፈቁን የፈተናና የጽሑፍ ማስረከቢያ ቀን በሙሉ የስልኳ ቀን መቁጠሪያ ውስጥ አስገብታዋለች ለካ። ቀኑ ሲቃረብ ስልኩ ራሱ ጮኾ ይነግራታል አሉ። በአንዲት ጣት እኮ ነው! እኔ ያችኑ ሥራ ለመሥራት ስምንት ሰው፣ አንድ ድፎ ዳቦ፣ አንድ ታንኳና አንድ መሪጌታ አስፈልጎኛል። እሱም ቢሆን አልተሳካልኝም።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ኮሌጅ ውስጥ ነው። እኔ የከተማው ልጅ ነኝ። አባቴ ፋብሪካ በሽፍት ይሠራል፤ እናቴ ደግሞ የሰፈሩ ማኅበር ሁሉ አባል ናት። ኮሌጁ ተማሪ በሙሉ ግቢ ይደር ስላለ ብቻ፣ ከእናቴ ወጥ የሃያ ደቂቃ መንገድ ርቄ ስምንት ሆነን የምንተኛበት ክፍል ውስጥ ገባሁ። ሰው ማዘዝ ከልጅነቴ ጀምሮ ደስ ስለሚለኝ የክፍል ተጠሪም ሆንሁ። መረጡኝ አላልሁም... ሆንሁ።

ከእኔ አልጋ በላይ የሚተኛው ይርጋ ይባላል። ከጣና ደሴቶች ከአንዱ የመጣ፣ የመሪጌታ ፈንታ ልጅ። ይርጋ አንድ ጊዜ ያነበበውን ነገር እስከ ነጥቡ ይዞ የሚቀር፣ ጎበዝ፣ ዝምተኛ ልጅ ነበር። አባቱ ደግሞ የባሕረ ሐሳብ ሊቅ ናቸው። ጾሙና በዓሉ በየትኛው ቀን እንደሚውል ቁጭ ብለው የሚቀምሩ፣ የመጪውን ዓመት ፋሲካ ብትጠይቋቸው ጣታቸውን ቆጠር ቆጠር አድርገው የሚነግሯችሁ ሰው! አያችሁ ጉዱን? የአባትየው ሥራ ቀን ማወቅ፣ የልጅየው ችግር ቀን አለማወቅ።

ጥፋቱ ግን የይርጋ አልነበረም። የኮሌጁ መርሐ ግብር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ የነበረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ከወዳጅ ሶሻሊስት አገሮች የመጡት መምህራን እንዲገባቸው ታስቦ ነው። ለእኛ ይግባን አይግባን ማንም አላሰበም። በመጀመሪያው ዓመት «ኖቬምበር 12» የሚል ተለጠፈ። ይርጋ ኖቬምበር ኅዳር ነው ብሎ ኅዳር 12 ቀን ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ እጅ ነሥቶ አቀረበ። ዘጠኝ ቀን አሳልፎ ማለት ነው። የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት።

ሁለተኛው ደግሞ ይብሳል። ይርጋ በኖቬምበር ከነደደ በኋላ በየቀኑ ሰሌዳውን እየሄደ ያይ ጀመር። አንድ ቀን መሃይምነትን ከሥሩ እንንቀል የሚል ትልቅ የዘመቻ ማስታወቂያ መጣና መርሐ ግብሩ ላይ ድርግም ብሎ ተለጠፈ። ከሥሩ ያለውን ማን ያንብብ? እሱን ገልጦ ማየት ደግሞ በዚያ ዘመን ምን እንደሚያስብል ለእናንተ አልነግራችሁም። ይርጋ ማስታወቂያው እስኪነሣ በትዕግሥት ጠበቀ። ማስታወቂያው ሲነሣ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት።

ሦስተኛው ስንብት ነው። ከኮሌጅ የተሰናበተ ወጣት ደግሞ አባቱ ደሴት ሄዶ ዳዊት አይደግምም። ቀበሌው ስሙን ይዞ ይጠብቀዋል፤ ብሔራዊ ውትድርና የሚባል ነገር ነበረ። እኔና ይርጋ ይህን ነገር አፍ አውጥተን ተነጋግረን አናውቅም፤ ግን ሁለታችንም እናውቀው ነበር። ተጠሪም ነኝ፣ ጓደኛውም ነኝ፤ ያ ልጅ በቀን ምክንያት እንዳይሄድብኝ መላ መፈለግ ነበረብኝ።

አሰብሁ፤ አሰብሁ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን አንድም ማኅበር ረስታ አታውቅም። የጊዮርጊሱን፣ የማርያሙን፣ የመድኃኔዓለሙን፣ ተራው የማን እንደሆነ፣ ባለፈው ማን ጠላ እንዳሳነሰ... ሁሉንም በቃሏ ነው። ለምን? ድግስ አለበታ! ተረኛ አለበታ! ስለዚህ እኛም የማስረከቢያ ቀናችንን ማኅበር አደረግነው።

እንዴት መሰላችሁ። መርሐ ግብሩን ቁጭ ብዬ ወደ አገራችን ቀን ገለበጥሁት። የሳሙና ካርቶን ቀድጄ ስምንት ሣጥን ሠራሁበትና በየሣጥኑ የማስረከቢያውን ቀን ጻፍሁ። ከቀኑ ሥር የተረኛው ስም። ከስሙ ሥር ክብ ዳቦ ሣልሁ። በሩ ላይ ሰቀልነው። የማስረከቢያው ዕለት በምሳ ሰዓት ተረኛው ዳቦ ያቀርባል። ስምንታችንም ወረቀታችንን አልጋ ላይ እንዘረጋለን። ወረቀቱን ያላሳየ ዳቦ አይቀምስም። ዳቦው ተቆርሶ ሲያልቅ በሰልፍ ሄደን እናስረክባለን። የጽዋ ማኅበር ያላችሁ ታውቃላችሁ፣ የማኅበሩ አለቃ ሙሴ ይባላል። ሙሴ ማን እንደሆነ መናገር ያስፈልጋል እንዴ?

ለተቆጣጣሪዎች የጥናት ቡድን ቁርስ ነው አልናቸው። ምሳ ላይ የሚበላ ቁርስ... ደግነቱ አልጠየቁንም።

ብታዩ እንዴት ሠመረ! የመጀመሪያው ተረኛ ገዛኸኝ የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ነበር። ገዛኸኝ ለጠዋቱ ክፍለ ጊዜ በውኃ ካልተረጨ የማይነሣ ሰው ነው። የተራው ዕለት ጎህ ሳይቀድ ዳቦ ቤት ተሰልፎ ተገኘ። ወረቀቱንም ከሁለት ቀን በፊት ጨርሶ ኖሯል፤ በገዛ ዳቦው ላይ ጾሞ ማየት አስፈርቶት ነው። ሁለተኛውም እንዲሁ አለፈ። ጂኦግራፊ የሚያስተምሩን መምህር ደጀኔ ስምንት ወረቀት በአንድ ላይ፣ ያውም ከሰዓቱ በፊት ሲደርሳቸው፣ እርስ በርስ ተኮራርጀዋል ብለው አንድ ሳምንት ሙሉ ስምንቱን ወረቀት ሲያስተያዩ ከረሙ።

ስለ መምህር ደጀኔ ትንሽ ልበላችሁ። ከነቤተሰባቸው ከአዲስ አበባ ተመድበው የመጡ፣ ሹም አቦ ሰፈር የሚኖሩ፣ ሱሪያቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ንግግራቸውም እንደ ሱሪያቸው የሆነ ሰው ናቸው። ስለ ማስረከቢያ ሲነሣ «ቀን ማለት ቀን ነው» ይላሉ። ይቺን ብቻ። በኮሌጁ የውይይት ክበብም አንድ ጊዜ ስለ ወርኃዊ በዓላት ንግግር አድርገዋል። በዓሉ ሁሉ የሠርቶ አደሩን የሥራ ቀን እየበላ እንደሆነ አስረድተው ብዙ ተጨብጭቦላቸዋል። እኔም አጨብጭቤአለሁ፤ ያላጨበጨበ ሰው አላየሁም።

እንግዲህ ሦስተኛው ሣጥን መጣ። ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 12። የመምህር ደጀኔ ጽሑፍ፣ ርዕሱ «የጣና ሐይቅ ነፋሳትና የአካባቢው ኑሮ»። ተረኛ ይርጋ።

ይርጋ ያን ጊዜ እንዴት እንደ ጻፈ አልነግራችሁም! ሌሎቻችን ከመጽሐፍ ስንገለብጥ፣ እሱ የትኛው ነፋስ በየትኛው ወር፣ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ ታንኳ ቀዛፊዎች ምን ብለው እንደሚጠሩት፣ መቼ እንደማይሻገሩ ሁሉ ጽፎት ነበር። ከሳምንት በፊት ጨርሶ የልብስ ሣጥኑ ውስጥ ቆልፎበታል። ዳቦውንም አስቦበታል። እናቱ ድፎ ጋግረው፣ አባቱ ሰኞ በታንኳ ይዘውለት ሊመጡ ላኩበት።

ሰኞ ሐይቁ ተነሣ። በታኅሣሥ ከስንት አንዴ የሚነሣ ነፋስ ነው የነፈሰው። ይርጋ ከቀትር ጀምሮ ዳር ቆሞ ዋለ፤ ከወዲያ ማዶ አንድም ታንኳ አልታየም። ማክሰኞ ጠዋትም ሄደ። ነፋሱ ያው ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ባዶ እጁን፣ ዐይኑ በነፋስ ቀልቶ ክፍላችን ገባ። የሰባታችን ወረቀት አልጋው ላይ ተዘርግቷል። ዳቦ የለም።

ገዛኸኝ ከከተማ እንግዛ አለ፤ በዚያ ሰዓት ዳቦ ቤት የሚገኘው ባዶ መደርደሪያ እንደሆነ እሱም ያውቀዋል። ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። ሙሴ ነኝ እኮ!

አሁን ደህና አድርጋችሁ ስሙኝ፤ ፍርዱን ለእናንተ እተዋለሁ። ባደግሁበት ሰፈር የፋብሪካ ሰው ሁሉ በሽፍት ነው የሚገባው። ማኅበሩ ማክሰኞ ቢውልና ባለ ተራዋ ባይመቻት ምን ይደረጋል? ለእሁድ ይዛወራላ! የእናቴ ጊዮርጊስ ሐሙስ ውሎ እሁድ ሲዘከር ነው ያደግሁት። ቄሱም እሁድ መጥተው ይባርካሉ፤ ማንም ምንም አይልም። ተረኛ ካልተመቸው ለእሁድ። ይህ ለእኔ እንደ ስሜ ነው። ስለዚህ ጉሮሮዬን ጠረግሁና ማኅበሩ ለእሁድ ተዛውሯል ብዬ ዐወጅሁ።

ሁሉም ተነፈሱ። ከሰባቱ ስድስቱ የደመወዝተኛ ልጆች ናቸው፤ ሁሉም ቤት እንዲያ ነው። ወረቀታችንን በየትራሳችን ሥር መለስን። ይርጋ ብቻ ቅር አለው።

«እኛ ዘንድ አይዛወርም» አለኝ ቀስ ብሎ።

«እናንተ የደሴት ሰዎች ናችሁ፤ ይህ ከተማ ነው» አልሁት።

ይህን ነው ያልሁት። ዛሬም ድረስ ሳስታውሰው ጆሮዬ ይግላል።

ታዲያ ዳቦው ነው እንጂ የተዛወረው ማስረከቢያው መች ተዛወረ ትሉኝ ይሆናል። አሁንማ እኔም እላለሁ! ያን ጊዜ ግን ሁለቱን ነገር ለሁለት ወር አንድ ላይ ስናስራቸው ከርመን፣ ዳቦው ሲሄድ ቀኑም አብሮ ሄደ። ከስምንት የኮሌጅ ተማሪ አንድ ሰው እንኳ «ግን እኮ...» አላለም። ጭራሽ ከሰዓት በኋላ ሰብሰብ ብለን ወደ ሐይቁ ስንወርድ በመምህር ደጀኔ ቢሮ በኩል አለፍን። በሩ ክፍት ነው። ጠረጴዛቸው ላይ ክምር ወረቀት፣ እሳቸው ከኋላው እስክሪብቷቸውን ይዘው ቁጭ ብለዋል። ጎንበስ ብለን እንደምን ዋሉ አልናቸው። አንድ በአንድ፣ ስምንታችንም። ሰዓታቸውን አዩ፣ እኛን አዩ፣ እንደገና ሰዓታቸውን አዩ። እኔማ አዘንሁላቸው፤ ይህ ሰው ሥራ አበዛ አልሁ።

ረቡዕ ጠዋት ሰሌዳው ላይ ዝርዝር ተለጠፈ። «ያላስረከቡ» ይላል። ስምንት ስም። ከክፍላችን አንድም ሰው አልተረሳም።

እንዴት እንደ ሮጥን! መምህር ደጀኔ ቢሮ ስንደርስ ወረቀታችንን ሳያዩ እጃቸውን አነሡ። ለሰባታችን ዜሮ ነው፤ በሌላ እናካክሰዋለን። የይርጋ ግን ሌላ ነው። የእሱን ማኅደር ፊታቸው ዘርግተውታል። ሁለቱ ማስጠንቀቂያ ከላይ ተያይዟል።

«ለምን ዘገየህ?» አሉት።

«በነፋሱ ምክንያት።»

«ርዕሱን አልጠየቅሁህም። ምክንያቱን ነው።»

«እኔም ምክንያቱን ነው የተናገርሁ።»

የሚቀልድባቸው መሰላቸው። እኔ ገባሁበትና ስለ ማኅበሩ፣ ስለ ዳቦው፣ ስለ እሁዱ ሁሉ ዘከዘክሁት። ባወራሁ ቁጥር ፊታቸው እየባሰ ሄደ። በመጨረሻ ቀን ማለት ቀን ነው አሉ፤ የውጤቱ ሰነድ ሰኞ ጠዋት ለሬጅስትራር እንደሚሄድና ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጃቸው እንደሚወጣ ነገሩን።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖች አይጣል ነበሩ። ይርጋ አንድም ቃል አልወቀሰኝም። መጻሕፍቱን አስሮ ሣጥኑ ውስጥ ደረደረ፣ ብርድ ልብሱን አጠፈ። ምነው ቢሰድበኝ! የሰማሁህ እኔ ነኝ፤ አንተ ምን አደረግህ አለኝ። ይህን ሲለኝ ወጥቼ ከሽንት ቤቱ ጀርባ አለቀስሁ። አዎ፣ ሙሴ አለቀሰ፤ ምን ይደረጋል። ነፋሱ ደግሞ አሁንም አላቆመም፤ ለአባቱ እንኳን መልእክት የሚያደርስ ታንኳ ጠፋ።

እሁድ ጠዋት ሐይቁ ምንም እንዳልተፈጠረ ጸጥ አለ። ረፋዱ ላይ መሪጌታ ፈንታ ከታንኳ ወረዱ። ነጭ ጋቢ፣ ነጭ ጥምጥም፣ በእጃቸው መቋሚያ። ከኋላቸው ቀዛፊው በኮባ የተጋገረውን ድፎ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ተሸክሟል። የጋሪ ጎማ ያህላል። ስለ ዘገዩ ይቅርታ ጠየቁን! አስቡት፤ እሳቸው እኛን።

ክፍላችን አስገብተን አስቀመጥናቸው። ዳቦውን የሚነካ ጠፋ። ምን ሆናችሁ ሲሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የነገርኋቸው እኔ ነኝ። ያዝኑልናል፣ መምህሩን ይረግሙልናል ብዬ ነበር። ሰምተው ሲጨርሱ ካርቶኑ ወደተሰቀለበት በር ሄዱ። ቀኖቹን በጣታቸው እየነኩ አንድ በአንድ አነበቡ። አልተሳሳትህም፣ አገላበጡ ደህና ነው አሉኝ። ከዚያ ዞሩብን።

የሚዘዋወር በዓልና የማይዘዋወር በዓል እንዳለ ታውቃላችሁ ወይ ብለው ጠየቁ። ስቅለት ከዓርብ፣ ትንሣኤ ከእሁድ አይለቅም፤ ቀኑ ግን በየዓመቱ ይዘዋወራል፤ እሱም በቀመር ነው፤ በሊቃውንት ነው። በወሩ ቀን የተቆረጠው በዓል ግን ዳቦ ቢደርስ ባይደርስ፣ ነፋስ ቢነፍስ ባይነፍስ፣ ከቀኑ ንቅንቅ አይልም። ቂጣም ባይኖር ጥሬ ይዘከራል፤ ጥሬም ባይኖር ውኃ ይዘከራል። ይህን ሁሉ ሲሉ የሚያዩት እኔን ነው።

«መምህራችሁ ልክ ናቸው። ተነሡ፣ ይቅርታ እንጠይቃለን» አሉ።

ስለ ልጃቸው ሊማልዱ አይደለም፤ ስለ ቀኑ ይቅርታ ሊጠይቁ! ይርጋ ሣጥኑን ከፍቶ ወረቀቱን አወጣ። እኛም ከየትራሳችን ሥር የተጨማደደውን አወጣን። ድፎውን ገዛኸኝ በራሱ ተሸከመ፤ ባዶ እጅ ሰው ቤት አይኬድም። መሪጌታ ከፊት፣ ዳቦው ከመሃል፣ እኛ ከኋላ ሆነን ሹም አቦ ድረስ በሰልፍ ስንሄድ፣ ሰው ሁሉ ለቅሶ የምንደርስ መስሎት መንገድ ይለቅልን ነበር።

መምህር ደጀኔ ቤት ስንደርስ የመስኮቱ መዝጊያ ሁሉ ተዘግቷል። በጠራራ ፀሐይ! ሰው የለም ብለን ልንመለስ ስንል ግን ከውስጥ የብዙ ሰው ድምፅ ሰማን፤ የጠላም ሽታ ይመጣል። መሪጌታ በመቋሚያቸው በሩን ቆረቆሩ። ድምፁ ጸጥ አለ። ቆይቶ በሩ ገርበብ አለና የመምህሩ ባለቤት ወይዘሮ ጥሩነሽ ብቅ አሉ። ጥምጥሙንና ድፎውን ሲያዩ ፊታቸው በራ። እግዜር ማኅበርተኛ አመጣልኝ ብለው ነው መሰለኝ፣ ምንም ሳይጠይቁ ይግቡ አባታችን ብለው በሩን ወለል አደረጉት።

ገባን። ዙሪያውን የሰፈሩ ሰው ተቀምጧል። ቄሱ ከላይ። መሃል ላይ ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል፤ የጾም ስለሆነ ንፍሮው፣ ዳቦው፣ ጠላው ቀርቧል። ማንቆርቆሪያ ይዘው ጠላ የሚቀዱት ማን ይመስላችኋል? መምህር ደጀኔ! ጋቢ ደርበው! እኛን ሲያዩ የሚቀዱት ሞልቶ ፈሰሰ። የውይይት ክበቡ ተናጋሪ እንዲያ ሲቀሉ አይቼ አላውቅም።

መሪጌታ ፈንታ ግን ስለ ክበቡ የሚያውቁት ነገር የለም። ዙሪያውን እጅ ነሡ፤ ማኅበሩ የማን እንደሆነ በትሕትና ጠየቁ።

«የሚካኤል ነው አባታችን» አሉ ወይዘሮ ጥሩነሽ።

«ሚካኤል... ዐሥራ ሁለት፣ ማክሰኞ አልዋለም እንዴ?»

«ማክሰኞማ ውሎ ነበር። ምን ይደረግ፣ ደጀኔ የሚያመጡለት ወረቀት አለ ብሎ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ቢሮ ተቀምጦ ዋለ። ስምንት ተማሪዎች ናቸው አሉ። ቀሩበት። ባለ ቤቱ ሳይኖር እንዴት ጽዋ ይነሣል? ለእሁድ አዛወርነው።»

ገዛኸኝ ድፎውን በራሱ እንደ ተሸከመ ደርቆ ቀረ። እኔ ወለሉን አየሁ። ስምንቱ ተማሪዎች እኛው እንደሆንን ወይዘሮ ጥሩነሽ አልገባቸውም። አስቡት እስቲ፤ እኛ ዳቦ ስንጠብቅ ማስረከቢያውን አዛወርን፤ መምህሩ የእኛን ወረቀት ሲጠብቁ ሚካኤልን አዛወሩ። በአንድ ማክሰኞ!

መሪጌታ መምህሩን አዩ። እኛን አዩ። ከዚያ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና ቁጭ አሉ።

«እኔ እንኳ ልጆቹ አጥፍተዋል ብዬ ይቅርታ ልጠይቅ ነበር የመጣሁ» አሉ። «ለካ ከመምህራቸው ነው የተማሩት።»

መጀመሪያ የሳቁት ቄሱ ናቸው። ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ለመደበቅ ሞከሩ፤ ትከሻቸው ግን አጋለጣቸው። ከዚያ ቤቱ በሙሉ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ነገሩ ዘግይቶ ሲገባቸው «እናንተ ናችሁ ሚካኤሌን ያስተጓጎላችሁብኝ?» ብለው በማማሰያ ሊሉን ተነሡ። መምህር ደጀኔ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡ። ለመቆጣት ሞክረው ነበር፤ ጋቢ ለብሶ መቆጣት ግን ያስቸግራል። እጃቸውን ወደ ይርጋ ዘረጉ።

ወረቀቱን እዚያው ቆመው ማንበብ ጀመሩ። አንድ ገጽ፣ ሁለት ገጽ... ስለ ታኅሣሥ ነፋስ ከተጻፈው ሲደርሱ ቀና ብለው መሪጌታን ጠየቁ፤ እውነት ሰኞ እንዲህ ነፍሶ ነበር ወይ አሉ። እንደነፈሰ ነገሯቸው። አንገታቸውን ነቀነቁና ወረቀቱን አጥፈው ከጋቢያቸው ሥር አደረጉት። የሰባታችንንም ተቀበሉ፤ ስለ መዘግየታችን ከእያንዳንዳችን ዐሥር ዐሥር ነጥብ እንደሚቆርጡ ግን በጋቢም ሆነው አልረሱትም። ድፎው ተባረከ፤ ተቆረሰ። ወረቀቱን ያላሳየ ስላልነበረ ሁላችንም በላን። ይርጋ የበላው ግን ትንሽ ነው። አባቱ ጀርባውን መታ መታ ያደርጉት ነበር።

ይርጋ ዐሥሩ ነጥብ ተቆርጦበትም ከክፍሉ አንደኛ ወጣ። ሣጥኑን ፈትቶ መጻሕፍቱን ሲደረድር ያየሁበት ቀን፣ እኔ ራሴ የተመረቅሁ ያህል ነው ደስ ያለኝ። ዛሬ እሱም መምህር ነው፤ ጂኦግራፊ። ማስረከቢያ ቀን ላይ እንደሱ የሚያስጨንቅ የለም ይላሉ ተማሪዎቹ።

የዚያ እሁድ ማግሥት፣ ሰኞ ጠዋት ወደ ክፍል ስንሄድ ሰሌዳው ዙሪያ ሰው ተሰብስቧል። የሌላ ክፍል ተማሪዎች ግራ ተጋብተው እርስ በርስ ይጠያየቃሉ። ተጋፍተን ቀረብን። በአገራችን አቆጣጠር፣ በትልልቁ፣ በመምህር ደጀኔ የእጅ ጽሕፈት የተጻፈ አዲስ ማስታወቂያ ነው።

«የሚቀጥለው ጽሑፍ ማስረከቢያ፦ ማክሰኞ፣ ጥር 24 ቀን። ዳቦው ደረሰም አልደረሰም።»